ከኮረብታው እስከ ጠረጴዛው፦ «ፖርክ ቾፕ ሂል» እና መንገድ ላይ የቀረው ቃል

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

አሁን አብረን ተመልክተን ያበቃነው ፊልም በ1959 የወጣ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ 97 ደቂቃ የሚረዝም የጦርነት ፊልም ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑ ከወዲሁ ላሳስብ። ለፊልሙ ስም የሰጠው ኮረብታ «ፖርክ ቾፕ» የተባለው፣ ቅርጹ ካርታ ላይ ሲታይ ከነአጥንቱ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ ስለሚመስል ነው። ኋላ ላይ እንደማነሣው፣ በዚያ ግንባር ሌሊት ለሌሊት ሲመላለሱ ከነበሩት ወታደሮች መካከል የአሳማ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ የእኛው አገር ሰዎች ነበሩበት፤ የኮረብታው ስም ሲተረጎምላቸው ፊታቸው ምን እንደመሰለ መገመት አያቅትም።

ታሪኩን ከመነሻው ልተርክላችሁ አልመጣሁም፤ አይታችሁታል። የመጣሁት አንድ ነገር ልላችሁ ነው። ይህ ፊልም ሲያዩት ስለ ጀግንነት የተሠራ ይመስላል፤ መዝጊያው ላይ የሚሰማው ድምፅም እንደዚያው ይላል። እኔ ግን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ጉዳዩ ቃል ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትእዛዝ፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሪፖርት፣ በስልክ ሽቦ የሚላክ፣ በሬዲዮ የሚላክ፣ ሽቦውም ሬዲዮውም ሲበላሽ በሰው እግር የሚላክ ቃል። ይህ ቃል አንዳንዴ ዘግይቶ፣ አንዳንዴ ተጣሞ ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። ከኮረብታው አናት ከሚተኩሰው መትረየስ እኩል ሻምበል ጦሩን የፈጀው ይኸው መንገድ ላይ የሚቀር ቃል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ከፊልሙ ከራሱ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ግን ጦርነቱ የት ደርሶ እንደነበር ባጭሩ ላስታውስ። የኮሪያ ጦርነት በጁን 1950 ተጀምሮ፣ በመጀመሪያው ዓመት ግንባሩ ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ወሰን ሲዋዥቅ ከቆየ በኋላ፣ በጁላይ 1951 በኬሶንግ የተኩስ አቁም ድርድር ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይም ድርድሩ ወደ ፓንሙንጆም ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ የጦር መስመሩ ብዙም ፈቀቅ አላለም። ሁለቱም ወገኖች መሬት ቆፍረው ገቡ፤ ከዋናው የመከላከያ መስመር ፊት ለፊት ባሉት ኮረብቶች ላይ ትናንሽ የጥበቃ ምሽጎች ሠሩ፤ ለእነዚያ ኮረብቶችም ሲሉ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ተገዳደሉ። ከፖርክ ቾፕ አጠገብ የነበረውና ወታደሮቹ «አሮጌው ራሰ በራ» ይሉት የነበረው ኮረብታ በማርች 1953 መጨረሻ ከኮሎምቢያ ሻለቃ እጅ ወጥቶ በቻይናዎች ተያዘ፤ ከዚያ በኋላ ፖርክ ቾፕ በሦስት አቅጣጫ የተጋለጠ ሆነ።

በኤፕሪል 16 ምሽት የቻይና እግረኞች ኮረብታውን ሲጠብቅ የነበረውን የ31ኛ እግረኛ ሬጅመንት ሻምበል ጥሰው ገቡ። ለ17 አጥቢያ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በመቶ አለቃ ጆ ክሌመንስ የሚመራው «ኪንግ» ሻምበል ወደ ላይ ወጥቶ ኮረብታውን እንዲያስለቅቅ ታዘዘ። በፊልሙ አቆጣጠር 135 ሆነው ከወጡት ሰዎች መጨረሻ ላይ በእግሩ የቆመው 25 ብቻ ነው። የዚያን ቁራሽ መሬት ዋጋ በሌላ ሚዛን ማየት ለሚፈልግ አንድ ቁጥር ልጨምር፤ በዚያ ውጊያ ለተጠቁት ሦስት ምሽጎች ድጋፍ የአሜሪካ መድፈኞች ከ77,000 በላይ ጥይት ተኩሰዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ በኤፕሪል 20፣ ሁለቱ ወገኖች የታመሙና የቆሰሉ ምርኮኞችን መለዋወጥ ጀመሩ። ኮረብታው ላይ የነበረው ሰው ይህ ልውውጥ መቃረቡን ቢያውቅ ኖሮ ሽቅብ የሚራመድበት እግር ያገኝ ነበር? ፊልሙ ይህን ጥያቄ በግልጽ ያነሣዋል። ወታደሮቹ የሰላሙን ወሬ ሰምተዋል፤ የማያውቁት ሰላሙ ከእነርሱ ሞት በፊት ይድረስ ወይም ከዚያ በኋላ ነው።

ፊልሙ የተቀዳው የጦር ታሪክ ጸሐፊው ኤስ ኤል ኤ ማርሻል በ1956 ካሳተመውና ተመሳሳይ ርዕስ ካለው መጽሐፍ ነው። ማርሻል ከውጊያ የተመለሱትን ወታደሮች፣ ማዕረግ ሳይለይ፣ ባንድ ቦታ ሰብስቦ «አንተ የት ነበርክ? ከዚያስ ምን ሰማህ? ማን ነገረህ?» እያለ ደቂቃ በደቂቃ የሚጠይቅ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ በጻፈው መጽሐፍ በውጊያ መሣሪያውን የሚተኩሰው ወታደር ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም ማለቱ ኋላ በታሪክ ተመራማሪዎች ክፉኛ ተተችቷል፤ ስለዚህ የእርሱን አኃዝ የምንወስደው በጥንቃቄ ነው። የጠያቂነት ዘዴው ግን ለፊልሙ አንድ ትልቅ ስጦታ ትቷል። በአንድ ክፍል የተሰበሰቡ ሰዎች ስለ አንድ ሌሊት ሲናገሩ፣ እያንዳንዱ ከሌላው ያልሰማውን ነገር ያን ጊዜ ገና ይሰማል። መጽሐፉ ከዚህ የተነሣ በአለመሰማማት የተሞላ ነው፤ ፊልሙም ያንን ወርሷል።

መጽሐፉን ወደ ፊልም ያመጡት ተዋናዩ ግሪጎሪ ፔክና አዘጋጁ ሳይ ባርትሌት ናቸው፤ የፊልም ጽሑፉን ጄምስ ዌብ ጻፈው። እውነተኛው ክሌመንስ ራሱ በቀረጻው ላይ የወታደራዊ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። እርሱ ያን ኮረብታ ሲወጣ በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የነበረ ወጣት መኮንን ሲሆን፣ እርሱን ሆኖ የተወነው ፔክ ግን አርባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ 135 ሰው ይዞ ወደ እሳት ሲገባ ማየት፣ አባት የሚመስል ሰው ይዟቸው ሲገባ ከማየት ይለያል፤ የመጀመሪያው ያስደነግጣል፣ ሁለተኛው ያጽናናል። የክሌመንስ ምክትል የሆነውን ጃፓናዊ አሜሪካዊ መኮንን የተጫወተው ጆርጅ ሺባታ ደግሞ በሙያው ተዋናይ አልነበረም። ከጃፓናውያን ቤተሰብ ተወልዶ ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ በመመረቅ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ በ1951 የተመረቀውም ከእውነተኛው ክሌመንስ ጋር ነበር። ሣንጃ እንዲወደር ሲታዘዝ ስለ ቅድመ አያቶቹ የሚወረውራትን ቀልድ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሲናገራት ፊቱ ላይ ትወና የሚባል ነገር የለም።

ዳይሬክተሩ ሉዊስ ሚልስተን ነው። በ1895 በኪሺኔቭ ከተማ፣ በዛሬይቱ ሞልዶቫ፣ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የማሠልጠኛ ፊልም ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። በ1930 በሠራው ስለ ጀርመን እግረኞች በሚተርከው ዝነኛ ፊልም ኦስካር አግኝቷል፤ በ1945 ደግሞ በሌላ ፊልም፣ ጣልያን ባሕር ዳር ላይ ወርዶ አንዲት የገበሬ ቤት ለመያዝ የሚጓዝን አንድ የመቶ ጦር ተከትሏል። እንግዲህ ፖርክ ቾፕን ሲሠራ እግረኛ ወታደርን በካሜራ መከተል ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት የፊልም ሰዎችን በኮሚኒስትነት እየጠራ ሲመረምር ከተጠሩት አሥራ ዘጠኝ «እምቢተኛ» ሰዎች አንዱ ሚልስተን እንደነበር ማስታወስም አይከፋም። ፀረ ኮሚኒስት ጦርነትን የሚያወድስ ፊልም እንዲሠራ የተቀጠረው፣ እንግዲህ፣ በኮሚኒስትነት ተጠርጥሮ የነበረ ሰው ነው። ፊልሙ ውስጥ ከሚናገረው አፍና ከሚያየው ዓይን መካከል አለመጣጣም ቢሰማችሁ አትደነቁ፤ ሚልስተን ራሱም ፊልሙ ከእጁ ከወጣ በኋላ መቆራረጡን ሲያማርር ኖሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፓውዛውን ትዕይንት አስቡት። ሻምበሉ በጨለማ ወደ ኮረብታው ሽቅብ ተነሥቷል። ካሜራው ከጎናቸው ሆኖ፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ፣ እነርሱ ሲያዘግሙ አብሮ ያዘግማል፤ ሚልስተን ከ1930 ጀምሮ የሚወደው አካሄድ ይህ ነው። ወሬ የለም፤ የሚሰማው የጫማ ድምፅና ትንፋሽ ነው። ከፊት ለፊታቸው የወገን የሾህ ሽቦ አለ፤ መድፍ ይበጣጥሰዋል የተባለው ሽቦ እንደነበረ ቆሟል። ይህ የመጀመሪያው ያልተፈጸመ ቃል ነው። እነርሱ ከሽቦው ጋር ሲታገሉ፣ ድንገት ዳገቱ በሙሉ እንደ ቀትር ይበራል። ወታደሩ ለአንድ አፍታ እጁን አንሥቶ፣ እግሩን አንፈራጥጦ፣ በቆመበት ይደርቃል፤ ጥላው ከፊቱ ረዝሞ ዳገቱ ላይ ይተኛል። መብራቱ የመጣው ከኋላ ነው፤ የወገን ጦር ነው ያበራው። ከዚያ መትረየሱ ይጀምራል።

ክሌመንስ የሬዲዮውን መነጋገሪያ አፉ ላይ ደግኖ «መብራቱን አጥፉ!» እያለ ሲጮኽ የሚያልፉትን ሰከንዶች ቆጥራችኋል? ሚልስተን ሆን ብሎ ያራዝማቸዋል። ከዚህ ጫፍ ያለው ሰው ይጮኻል፤ ከዚያ ጫፍ ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ሰው አልፎ ወደ መብራቱ ቁልፍ እንደሚደርስ አናውቅም። በዚያ መካከል ሰው ይወድቃል። መብራቱ በመጨረሻ ይጠፋል፤ ነገር ግን አንድም ጊዜ ማን እንዳበራው፣ ለምን እንዳበራው አይነገረንም። ማብራሪያ ቢሰጠን ኖሮ የምንቆጣበት ሰው ባገኘን ነበር። ፊልሙ ያንን ይከለክለናል፤ ከነክሌመንስ የበለጠ እንድናውቅ አይፈቅድልንም።

ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ የዚህ ትዕይንት ግልባጭ ነው። በሌላ በኩል አጥቅቶ ይገናኛቸዋል የተባለው «ላቭ» ሻምበል ሲጠበቅ ሲጠበቅ፣ በስተመጨረሻ አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ እየተጎተቱ ይደርሳሉ። ክሌመንስ ውሃ፣ ጥይት፣ ደራሽ ጦር ይጠይቃል። አማቹ የሆነው መቶ አለቃ ራስል በሌላ ሻምበል መሪነት ይደርስለታል፤ በእውነተኛውም ታሪክ ሁለቱ ሰዎች በጋብቻ የተዛመዱ ነበሩ። እፎይ ስንል፣ የራስል ሻምበል ተመልሶ እንዲወርድ ትእዛዝ ይመጣል። ለምን ቢባል፣ ከበታች ወደ በላይ የደረሰው ሪፖርት ኮረብታው ተይዟል፣ የቀረው ጥቂት ማጽዳት ነው የሚል ስለሆነ ነው። ሪፖርቱ ሲላክ ምናልባት ከእውነት ብዙም የራቀ አልነበረ ይሆናል፤ የላይኛው አዛዥ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን ጊዜው አልፎበታል። የአማቹ ወታደሮች ተሰልፈው ቁልቁል ሲወርዱ፣ የክሌመንስ ሰዎች ከቦዩ ውስጥ ቀና ብለው ያዩአቸዋል። ማንም አይሳደብም። እኔ ከጠቅላላው ፊልም በጣም የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ጥይት የማይተኮስበት፣ ሰው የማይሞትበት ትዕይንት።

በዚያ ላይ የማስታወቂያ መኮንኑ ይመጣል። ከኋላ ሆኖ የድሉን ዜና ሰምቶ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ የድሉን ታሪክ ለጋዜጣ ሊያጠናቅር ኮረብታው ላይ ይወጣል። ተመልካቹ በአዳራሹ ውስጥ እንደሳቀ ሰምቻለሁ፤ እኔም እስቃለሁ። ቀልዱ ግን ስለት አለው። ደራሽ ጦር ያላደረሰው መንገድ ጋዜጠኛ አድርሷል። ክሌመንስ ሰውየውን አይቆጣውም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ ሲመለስ ትክክለኛውን ሁኔታ ለአዛዦቹ የሚያደርስለት መልእክተኛ ያደርገዋል። ሬዲዮ ያልቻለውን ቃል በጋዜጠኛ እግር ይልከዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ምጸት ከአእምሮ ፈጥሮ መጻፍ ከባድ ነው፤ ማርሻልም ከተመላሾቹ ወታደሮች የሰማውን ነው የጻፈው።

አሁን ደግሞ በዚህ ሁሉ መካከል በተደጋጋሚ ወደሚታየን ጠረጴዛ እንሂድ። በፓንሙንጆም ድንኳን ውስጥ የሁለቱ ወገን ተደራዳሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ የጆሮ ማዳመጫውን ሲያወልቅ እናያለን። በፊልም ሥራ ረገድ እነዚህ ትዕይንቶች ደካማ ናቸው፤ ጠላትን የሚያሳዩበት መንገድም በዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ቀለም የተቀባ፣ አንዳንድ ቦታም ለጆሮ የሚቀፍ ነው። ሆኖም አንድ የማይረሳ ነገር አለባቸው፤ የአሜሪካኑ አድሚራል በመጨረሻ የሚደርስበት መደምደሚያ። ኮረብታው በውጊያ ስልት ሲመዘን አንዳች ዋጋ የለውም፤ ቻይናዎቹ የፈለጉትም ለዚሁ ነው፤ ዋጋ ለሌለው ነገር ሰው ለማስፈጀት አሜሪካ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነች መፈተን ይፈልጋሉ ይላል። ይህ ማለት በኮረብታው ላይ ያለው ሻምበል ራሱ ቃል ሆኗል። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ወገኖች የሚነጋገሩበት ቃል እነዚያ 135 ሰዎች ናቸው። ይህን ግን ለእነርሱ የነገራቸው የለም፤ ቢነገራቸውም በዚያ ሰዓት የሬዲዮው ባትሪ የሚበቃ አይመስለኝም።

ከወታደሮቹ መካከል አንዱ ነገሩ የገባው ይመስላል፤ እርሱም በዉዲ ስትሮድ የተተወነው ጥቁር ወታደር ፍራንክሊን ነው። ከመጀመሪያው አንሥቶ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ክሌመንስም ሌላ ጥቁር አሥር አለቃ፣ በጄምስ ኤድዋርድስ የተተወነውን፣ እንዲጠብቀው ያዝዘዋል። ኋላ ላይ ክሌመንስ በአንድ ምሽግ ውስጥ ተደብቆ ሲያገኘው፣ ፍራንክሊን ጠመንጃውን ያዞርበታል፤ አገሬ ውስጥ የምኖርበትን ቦታ ብታየው ለዚያ እንኳ እሞት እንደሆነ አላውቅም፣ ለኮሪያማ በምን ዕዳዬ የሚል ትርጉም ያለው ነገር ይናገረዋል። ፕሬዚዳንት ትሩማን በአሜሪካ ጦር ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር ያዘዙት በ1948 ነው፤ የጥቁሮች ብቻ የነበረው 24ኛ እግረኛ ሬጅመንት የፈረሰው ግን ኮሪያ ውስጥ፣ በኦክቶበር 1951 ነው። ፊልሙ የወጣው የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች ገና በቆዳ ቀለም በተለዩበት ጊዜ ስለሆነ፣ ይህን ንግግር በትልቅ ፊልም ውስጥ ማስገባት ቀላል ነገር አልነበረም። የክሌመንስ መልስ ግን አያጠግብም፤ ባጭሩ፣ መቼም ሁላችንም እዚህ ልንሞት ነው፣ ከእኛ ጋር ሁን ነው የሚለው። ፍራንክሊንም ይነሣና ይከተለዋል። ጸሐፊው ጥያቄውን በድፍረት ከጠየቀ በኋላ በመልሱ ፈርቷል እላለሁ። ስትሮድ በማግሥቱ ዓመት ስለ ሮማ ባሮች ዐመፅ በተሠራ ሌላ ፊልም የኢትዮጵያዊ ግላዲያተር ሆኖ ሲተውን፣ በአንድ ቃል ሳይሆን በአንድ ውርወራ ከዚህ የተሻለ መልስ ሰጥቷል፤ ያየ ያውቀዋል።

መዝጊያው ላይ ደራሽ ጦር ይደርሳል፤ የተረፉት ሰዎች ከኮረብታው እየወረዱ ሳለ የፔክ ድምፅ ከላይ ይሰማል። ኮረብታው ላይ ሐውልት እንደሌለ፣ አሁን በሰሜን ኮሪያ በኩል እንዳለ ይነግረንና፣ በእነዚህ ሰዎች ምክንያት ሚሊዮኖች በነፃነት ይኖራሉ ብሎ ይዘጋል። ድምፁ የማይነግረን፣ ኮረብታው እንዴት ከእጅ እንደወጣ ነው። በጁላይ 1953 መጀመሪያ ቻይናዎቹ እንደገና አጠቁ፤ ከአምስት ቀን ውጊያ በኋላ፣ በጁላይ 11፣ የ8ኛው ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክስዌል ቴይለር ኮረብታው እንዲለቀቅ አዘዙ። የተኩስ አቁሙ የተፈረመው በጁላይ 27 ነው። በኤፕሪል ክሌመንስን እዚያ ያስቀረው ምክንያት በጁላይ ሳይሠራ ቀረ። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የመዝጊያውን ድምፅ ሲሰማ፣ ከላይ ወደ ታች ከተላኩት ቃሎች አንዱ አድርጎ ነው የሚሰማው፤ የተላከው ዘግይቶ ነው፣ ጣቢያው ላይም ሁኔታው ተለውጧል።

አሁን ቀድሞ ወደተናገርሁት ልመለስ። ክሌመንስ በ31ኛው ሬጅመንት ነበር። በዚያው በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመድቦ የሚዋጋ ሌላ ሻለቃ ነበር፤ ቃኘው። ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዙር ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ኮሪያ የገባው በሜይ 1951 ነው። በጦርነቱ ዘመን ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የማርሻል መጽሐፍ ስለ እነርሱ የተጻፉ ምዕራፎች አሉት። በሁለቱ መስመሮች መካከል በነበረው ሸለቆ ውስጥ፣ ሌሊት ለቅኝት ወጥተው ከብዙ እጥፍ ጠላት ጋር የገጠሙ ትናንሽ ጓዶችን ታሪክ ነው የሚተርከው፤ ኢትዮጵያውያኑ አንድም ሰው ለምርኮ ሳይሰጡ፣ አንድም ሬሳ ሜዳ ላይ ሳይተዉ እንደተመለሱም በአድናቆት ጽፏል። ከዚያ ሁሉ ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴኮንድ አልገባችም።

እዚህ ላይ ልቆጣ አልፈልግም። የ97 ደቂቃ ፊልም አንድ ሻምበል፣ አንድ ኮረብታ፣ አንድ የሚታወቅ ፊት ይፈልጋል፤ ከመጽሐፉ ውስጥ ኢትዮጵያውያኑን ብቻ ሳይሆን ሌላም ብዙ ነገር ጥሏል። በ1952 መጨረሻ ይህንኑ ኮረብታ ይጠብቅ የነበረው የታይላንድ ሻለቃም የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ጦርነቱ የሚካሄደው በኮሪያ ምድር፣ በአሜሪካ ሻምበሎች ውስጥም ኮሪያውያን ወታደሮች እየተዋጉ ሳለ፣ ኮሪያዊ ሰው ከሞላ ጎደል የለም ማለት ይቻላል። ፊልሙን አንድ ሰው እንደ ጥሩ ትምህርት ቤት ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን የኮሪያ ጦርነት የአንድ አገር ጦርነት ነበር የሚል ሐሳብ በተመልካቹ ጭንቅላት ከተቀመጠ፣ ያስቀመጠው ካሜራው ካሳየው ይልቅ ያላሳየው ነው።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን «ኮሪያ ዘማች» የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። እኛ ልጆች ስለ ተኩስ እንዲነግሩን ስንለምናቸው የሚነግሩን ስለ ብርድ ነበር፤ ስለ ብርዱ ቢሰለቸን ደግሞ ስለ ስልክ ሽቦ። ሌሊት ሽቦው በመድፍ ሲበጠስ፣ አንድ ሰው በእጁ ሽቦውን እየዳበሰ በጨለማ እስከተበጠሰበት ድረስ እንደሚሄድ፣ ሁለቱን ጫፍ አግኝቶ በጥርሱ ልጦ እንደሚቀጥል፣ እጁ በብረት ላይ እንደሚጣበቅ ይነግሩን ነበር። ያን ጊዜ ታሪኩ አይጥመንም ነበር። ጀግና ማለት ሽቦ የሚቀጥል ሰው ነው ብሎ የነገረን ማን አለ? ይህን ፊልም ያየሁት እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የክሌመንስ ስልክ ዝም ባለ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እርሳቸው ናቸው።

ፊልሙ ኮረብታው ላይ ሐውልት የለም ሲል እውነቱን ነው፤ ኮረብታው ዛሬ ሁለቱን ኮሪያዎች በሚለየው ከጦር ነፃ በሆነው ቀጣና ውስጥ ነው፤ ሰው ተነሥቶ የሚወጣው ቦታ አይደለም። ለቃኘው ግን በቹንቾን ከተማ ሐውልት ቆሞለታል፤ በ1968 ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ በአካል ተገኝተው ነበር። አዲስ አበባም አፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያ አለ። በመካከሉ ባለው ዘመን፣ ደርግ ከፒዮንግያንግ ጋር በወዳጅነት በኖረባቸው ዓመታት፣ ዘማቾቹ ያዩትን በአደባባይ ለመናገር የማይመችበት ጊዜ ስለነበር፣ ቃሉ በእነርሱም በኩል ለረዥም ጊዜ ተበጥሶ ቆይቷል።

ከጥያቄዎቻችሁ በፊት፣ ከፈቀዳችሁልኝ፣ የፓውዛውን ትዕይንት አንድ ጊዜ ደግመን እንየው፤ አሁን ድምፁን እናጥፋው። ዳገቱን አትዩ፤ የሚወድቁትንም ለጊዜው ተዉአቸው። ክሌመንስ መነጋገሪያውን በያዘበት እጁ ላይ ብቻ ዓይናችሁን አሳርፉ፤ መብራቱ ከበራ ጀምሮ እስኪጠፋ ድረስ እጁ የት የት እንደሚሄድ ተከተሉት። መብራት የምታጠፉልን ወንድማችን፣ እባክዎ።